ሳልደፍናቸው የቀሩ ጋኖች

ገዳማችን ወይን ጠጅ የሚገዛው ፍሬው ገና ሐረጉ ላይ እንዳለ ነው። ዋጋውን አስቀድመን እንከፍላለን፣ ወይን ተካዩ በመከር ያስረክበናል። እስከ ጡቢ ወር፣ እስከ ጥር ድረስ ከኮመጠጠ ግን በራሱ ኪሳራ ሊተካ ይፈርማል። እኔ ሴሬኖስ በአስራ ስምንት ዓመት የመጋቢነት ዘመኔ ይህን ውል ስንቱን እንዳስፈረምኩ እንጃ። አንድም ቀን ክፉ ውል ነው ብዬ አላውቅም።

በዚያ ዓመት ወይን ተካዩ ፎይባሞን ሃያ ጋን አመጣልን። በየጋኑ አንገት ላይ እንደ ደንቡ ትንሽ የትንፋሽ መውጫ ቀዳዳ ትቶ በጭድ ወትፏታል። ወይኑ መፍላቱን ሲያቆም ቀዳዳዋ በጭቃ መደፈን አለባት፣ አለዚያ ወይኑ ይኮመጥጣል፤ ይህ የገዢው ሥራ ነው።

«አባ፣ በአስራ አምስት ቀን ይድፈኗቸው። አደራ፣ እንዳይረሱ!»

«ደግሞ አንተ ልታስተምረኝ?» አልኩት።

ሳቀ። በጡቢ ልጁን ታኤሲስን ሊድር ስለነበር ያን ሰሞን በሆነ ባልሆነው ይስቅ ነበር። ለሠርጓ ሌላ ሃያ አንድ ጋን ቤቱ አስቀምጧል።

አልደፈንኳቸውም። ለመሬት ክርክር ከተማ ወረድኩ፤ ክርክሩ በሦስት ቀን አለቀ። እኔ ግን ከባለጸጋ ቤት ባለጸጋ ቤት እየተጋበዝኩ፣ የተጠበሰ ዓሣ እየበላሁ ወር ከረምኩ። ተመልሼ የጓዳውን በር ስከፍት የኮምጣጤ ሽታ ተቀበለኝ።

ለአበምኔታችን ለአባ ኤኖክ «አጠፋሁ» ብል ከመጋቢነት እሻር ነበር። ያንን የጓዳ ቁልፍ ከነፍሴ አብልጬ እወደው ነበር። በሩን ከውስጥ ዘጋሁ፣ ጭቃ አቦካሁና ሃያውንም ቀዳዳ በአውራ ጣቴ ደፈንኩ። በማግስቱ ፎይባሞንን አስጠራሁት።

አባ ኤኖክ ቆመው እያዩ ቀመሰ። «የኔ ወይን እንዲህ ሆኖ አያውቅም» አለና የጋኑን አንገት ዳበሰ። ጭቃው ገና አልደረቀም። የአውራ ጣት አሻራ አለበት፤ ጥፍሩ መሃል ለመሃል የተሰነጠቀ። ፎይባሞን አሻራውን አየ፣ ቀጥሎ እጄን አየ። እጄን ቀሚሴ ውስጥ ከተትኩ።

«ምን ትላለህ፣ ልጄ?» አሉት አባ ኤኖክ።

ቢናገር ውሸታም ልለው ተዘጋጅቼ ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል።

«ፈርሜያለሁ፣ አባታችን። እተካለሁ» አለ። የገዳም መጋቢ ከስሶ በከርሞው ወይኑን ለማን ይሸጣል?

የሠርጉን ሃያ ጋን አስረክቦን የኮመጠጠውን በአህያ ጭኖ ሄደ።

ከሠርጉ ብቀር ሰው ይጠይቃል ብዬ ሄድኩ። ከክቡራኑ መሃል አስቀመጡኝ። ለሕዝቡ የሚዞረው ያ ኮምጣጤ ነው፤ በውኃ አቅጥነው የተምር ጭማቂ ጨምረውበታል።

«ፎይባሞን! ሠርግ ነው የጠራኸን ወይስ ቁስላችንን ልታጥብልን?» አለ አንዱ ጎረቤቱ።

«ዝም ብለህ ጠጣ! ይሄን እኮ ነው ለመነኮሳቱ ሊሸጥላቸው የነበረው!» አለ ሌላው።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሙሽራዋ አቀረቀረች። ፎይባሞንም አብሮ ሳቀ፤ ከዚያ ትንሽ ማንቆርቆሪያ ይዞ እኔ ዘንድ መጣና ጎንበስ ብሎ ቀዳልኝ።

«ከሠርጉ አንዷ ጋን ተርፋ ነበር፣ አባ። ለእርስዎ ብዬ ነው የከፈትኳት። አይስጉ፣ ቀዳዳዋን በጊዜው ደፍኛታለሁ» አለኝ በዝግታ።

ድምፁ ውስጥ ፌዝ አልነበረም። ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር። እንግዳው ሁሉ ምርቃቴን ሊሰማ ወደ እኔ ዞረ፣ ታኤሲስም ቀና ብላ አየችኝ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ብል ያ ሁሉ ሳቅ ከአባቷ ላይ ይነሳ ነበር። አፌን ከፈትኩ።

መረቅኳቸውና ጠጣሁ። በጣም ጥሩ ወይን ነበር።