ማጥበቢያው ላይ የነበረው ቀይ ቀለም

የአደኑ ወቅት የሚያበቃው በዚያ እሑድ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ልጄ ጃኔል ሳይነጋ የአባቷን ጠመንጃ ይዛ ወደ ተራራው ወጥታለች። የክረምት ሥጋ የምናኖርበት ትልቁ ማቀዝቀዣ ባዶ ነው። አጋዘን ካልጣለች ክረምቱን የምንበላው የሱቅ ሥጋ ነው፤ ይህ ደግሞ በእኛ ሸለቆ ከስንፍና ይቆጠራል። ከምስጋና በዓል የተረፈውን የተርኪ ዶሮ ከወጥ ቤቱ ማቀዝቀዣ አንዴ አውጥቼ አንዴ መልሼ፣ መስኮቱን አንዴ ከፍቼ አንዴ ዘግቼ፣ በመጨረሻ ራሴን ሰለቸሁና ወደ ጋራዡ ወረድኩ።

የልጄ ባል ትሬንት የሟቹን ባሌን የዌንዴልን ጥይት መሙያ ጠረጴዛ እየወለወለ ነበር። ከኦሃዮ የመጣ፣ ሥራ የማይጠላ፣ ግን ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ ሲያይ እጁን የሚበላው ልጅ ነው። ጥይት መሙላት የጀመረው ሣር አጨዳው ሰሞን ነው፦ የተተኮሰውን ቀለህ ማጥበብ፣ ባሩድ መስፈር፣ አረሩን መትከል። እጁስ ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም።

«እዩልኝ እስቲ እማማ፣ መስታወት አላስመሰልኩትም?» አለኝ።

ዓይኔ ማጥበቢያው ላይ ቀረ። ማጥበቢያ የምንለው የተተኮሰ ቀለህ ተጨምቆ ወደ ልኩ የሚመለስበትን ብረት ነው፤ እየተጠመዘዘ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ቀለሁን ይበልጥ ያሳጥረዋል። የማጥበቢያው አንገት ላይ ቀይ ጭረት ነበረበት። አሁን የለም።

«ቀዩስ?»

«የቱ ቀይ?»

«እዚህ ጋ የነበረው።»

«እሱ? ቆሻሻ መስሎኝ ጠረግኩት እኮ። ቆይቷል፣ ያኔ ሣር ስናጭድ።»

«ከዚያ እስከ የት አወረድከው?»

«ከታች ያለውን ብረት እስኪነካ፤ ከዚያ ትንሽ ጨመር። ከማጥበቢያው ሳጥን ጋር የመጣው ወረቀት እንደዚያ ነው የሚለው።» ትኩር ብሎ አየኝ። «ምን ሆነዋል? ይቀመጡ እንጂ።»

«ቂጤ ከጠዋት ጀምሮ ወንበር አላየም፤ አሁን አይጀምርም።»

ያ ቀይ የእኔ የጥፍር ቀለም ነበር። ዌንዴል አንድ ዓይኑን ካጣ በኋላ ከመታጠቢያ ቤት ወስዶ ማጥበቢያው ከዚያ በታች እንዳይወርድ ያሰመረው ነው። ቀለህ ሲተኮስ ያብጥና ጥይት የሚጎርስበትን የጠመንጃውን ጉሮሮ ግጥም አድርጎ ይይዛል፤ ወዲያው ትንሽ ስለሚሰበሰብ ነው ተጎትቶ የሚወጣው። ስለዚህ የወጣው ቀለህ የዚያን ጠመንጃ ልክ ይዞ ነው የሚወጣው፤ ሌላ ጠመንጃ እንቢ ሊለው ይችላል። የዌንዴል ጠመንጃ አሮጌ ነው፣ ጉሮሮው ረዘም ይላል። ለሁሉም ጠመንጃ የተጻፈውን ወረቀት ተከትሎ ቀለሁን ያሳጠረ ሰው ቀለሁ ወደ አንገቱ ከሚጠብበት ከትከሻው ፊት ክፍተት ይተውለታል። ሲተኮስ ክፍተቱን ሊሞላ ከታች በኩል ይለጠጣል፤ መልሰው ያሳጥሩታል፤ እንደገና ይለጠጣል። ሽቦ ደጋግሞ ያጠፈ ሰው መጨረሻውን ያውቀዋል። ቀለሁ ሲበጠስ ግን እሳቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመጣ ይችላል። ዌንዴል ላይ የመጣው እንዲህ ነው።

ጠረጴዛው ላይ በጣሳ ካሉት፣ ትሬንት ደጋግሞ ከሞላቸው ባዶ ቀለሆች አንዱን አንስቼ ወደ መብራቱ አዞርኩት። ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብሎ የሚያብለጨልጭ ቀጭን ቀለበት ዞሮታል። የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ጫፉን ቆልምሜ ወደ ውስጥ ሰደድኩት። መልሼ ስጎትተው አንድ ጎድጓዳ ነገር ያዘው። ቀለሁ ከውስጥ ሳስቷል።

«ጃኔል የትኞቹን ይዛ ወጣች?»

ትሬንት ሽቦውን አየ፣ እኔን አየ። «ትናንት የሞላሁላትን። ለመጨረሻው ቀን ብዬ።»

«በአዲስ ቀለህ?»

«በእነዚሁ ነው» አለ በቀስታ።

በዌንዴል አሮጌ መኪና ወጣን። ከድልድዩ ማዶ ስልክ አይሠራም። ትሬንት በረዶውን ፈርቶ ይንፏቀቃል።

«ልጄ፣ በዚህ አነዳድህ በረዶው ሲቀልጥ እንደርሳለን።»

«ገደል ብንገባስ ማን ይነግራታል?»

ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ጆሮዬን ለጫካው ሰጠሁ። ተኩስ እንዳያሰማኝ እጸልይ ነበር። በአገራችን በአደኑ የመጨረሻ ቀን ልጇ እንዳትተኩስ የጸለየች እናት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

የጃኔል መኪና ተራራው ሥር ካለው አጥር በር ላይ ቆማለች፤ ዱካዋ ዳገቱን ወጥቶ ጥዶቹ ውስጥ ይጠፋል። ትሬንት ገና ሳንቆም ዘሎ ወረደና የራሱን ጠመንጃ ከኋላ መዘዘ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ሦስት ጊዜ ልተኩስ ነዋ። የጭንቅ ምልክት። እርስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ?»

«ሦስት የሰማ ሰው ምን ያደርጋል ብዬህ ነበር?»

ሦስት ጥይት የሰማ ሰው፣ ሰምቻለሁ ለማለት አንድ ይተኩሳል። ጠመንጃውን ቀስ አድርጎ መልሶ አስቀመጠው።

እኔ የመኪናው ጥሩምባ ላይ ተጋደምኩ። ያ ጥሩምባ የታመመ በሬ ድምፅ ነው ያለው፤ ዌንዴል ልጁን ከወንዝ ዳር ለራት የሚጠራት በእሱ ነበር። በየጥጉ ያደፈጡት አዳኞች ሲረግሙኝ ይታየኛል። ይርገሙኝ። ክንዴ እስኪደነዝዝ አላነሣሁም። ትሬንት ስሟን እየጠራ በዱካዋ ሮጠ፣ ወደቀ፣ ተነሥቶ ሮጠ።

ብዙ ቆይቶ የጃኔል ብርቱካናማ የአዳኝ ሰደርያ ከጥዶቹ መሀል ብቅ አለ፤ ትሬንትም ከኋላዋ። ወዲያው ዓይኖቿን ነው ያየሁት። ሁለቱም ተቆጥተው ያፈጣሉ፤ እንደዚያን ቀን ቁጣ አምሮባት አያውቅም።

«እማዬ፣ አብደሻል እንዴ?» አለች። «አጋዘኑ ጎኑን ሰጥቶኝ ቆሞ ነበር። እንደዚያ ያለ ቀንድ በዕድሜዬ አላየሁም። ጣቴ ምላጩ ላይ ነበር።»

«ያጎረስሽውን አውጪና ለባልሽ ስጪው።»

ትሬንት በጉጠት አረሩን ወዝውዞ ነቀለ፤ ባሩዱን በረዶው ላይ ደፋ። ቀለሁን ከላይና ከታች ይዞ ወዲያና ወዲህ አጎበጠው። እንደ ብስኩት ለሁለት ተሰበረ።

ጃኔል ሁለቱን ስባሪ መዳፉ ላይ አየቻቸው።

«አንተ ነህ የሞላኸው?»

«እኔ ነኝ። ምልክቱን የጠረግኩትም እኔ ነኝ።»

በወረቀቱ አላሳበበም። ያን ጊዜ ወደድኩት።

ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ጠረጴዛው ዙሪያ ቆምን። ጭረቱ በትክክል የት እንደነበር የሚያውቅ ከመካከላችን የለም። ዌንዴል ደጋግሞ የተኮሳቸው፣ ከሞተ ወዲህ ግን ማንም ያልነካቸው ቀለሆች በዱቄት ጣሳ ውስጥ ነበሩ። የዚያን ጠመንጃ ልክ የያዙት እነሱ ናቸው። ትሬንት ማጥበቢያውን ወደ ላይ ፈትቶ አንዱን ባዶ ቀለህ ተጫነው። ጃኔል ጠመንጃው ውስጥ ከትታ መቀርቀሪያውን ሞከረችው፤ ቀለሁ ገና ስለረዘመ አልዘጋም አለ።

«ገና ነው።»

ትንሽ አጠበቀ። እንደገና ተጫነው።

«ገና ነው።»

እጁ መቁነጥነጥ ጀመረ። «አንድ ዙር ላውርደው?»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አልኩት። «ጨው እንደምትጨምር አድርገው።»

ሲያወርድ፣ ስትሞክር፣ ሲያወርድ፣ በመጨረሻ መቀርቀሪያው በጣቷ ሥር ከበድ ብሎ ተዘጋ።

«እዚህ ጋ» አለች። «ሲነካካ ይሰማኛል።»

የእኔ የጥፍር ቀለም ዌንዴል ከሞተ ወዲህ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ጃኔል የራሷን ከቦርሳዋ አወጣች። ሮዝ ነበር። ጎንበስ ብላ ጭረቱን እያሰመረች፣ ቀና ሳትል፣ «እማዬ» አለችኝ። «ጥሩምባው ሲጮህ ጣቴን ያነሣሁት አንቺ መስለሽኝ አይደለም። አባዬ ለራት የጠራኝ መስሎኝ ነው።»

ትሬንት መወልወያ ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው።