የልብስ ሰፊው ዋንጫ

ፈረሱ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆሞ ፋንድያውን ጣለ።

"ኧረ ወዲያ በሉልን!" አለች አንዲት ለቀስተኛ፣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ይዛ። የሚነሳ ግን አልነበረም። የአፍሪካ ዋንጫ ጨዋታ ስላለ ወንዶቹ አንድ በአንድ "ደጅ ደርሼ ልምጣ" እያሉ ማዶ ካለው ኳስ ቤት ገብተዋል። ጨዋታው ሲያልቅ ፊታቸውን ቋጥረው ይመለሱና "እግዜር ያጥናችሁ" ብለው ንፍሯቸውን ይዘግናሉ። የትምወርቅ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ ሆና ሁሉንም ታያለች። ባሏ አለኸኝ ከተቀበረ ወዲህ አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣትም። ሴቶቹ ለዚህ እንደሚያሟት ታውቃለች። የሚያቅለሸልሻት ሰው ማልቀስ እንደማይችል ግን ለማን ትንገር?

ፈረሱ የአለኸኝ አይደለም። አለኸኝ መካነ ሰላም ገበያ ዳር፣ ከቤቱ በተያያዘች ሱቅ ተቀምጦ ሱሪ የሚያሳጥር፣ ዩኒፎርም የሚሰፋ ሰው ነበር፤ ፈረስ በመንገድ ሲያልፍ እንኳ ግድግዳ ይጠጋል። ለሰልስቱ ብሎ ፈረሱን ከአቀስታ ዘመድ ተውሶ ያስመጣው ታላቅ ወንድሙ በላይ፣ የእህል ነጋዴው ነው። ኮርቻው ላይ ቀይ ግምጃ ጣል አድርጎበታል። አልቃሿን እማማ የሺእመቤትንም ጥግ ይዞ ሲያስጠናቸው የትምወርቅ ሰምታለች።

"ጋላቢ ነበር ይበሉ። ተኳሽ ነበር ይበሉ። ከደጎሎም ከአቀስታም ሰው ይመጣል፤ በላይ ለወንድሙ በመርፌና በክር አስለቀሰለት እንዳልባል።"

ትንሿ ልጇ ፍቅርአዲስ ቀሚሷን ጎተተቻት። "እማ፣ አባዬ ፈረስ ነበረው እንዴ?"

የትምወርቅ ልጇን ወደ ራሷ ሳበቻት። ዛሬ እዚህ የተለቀሰው ነገ የሚወራው ነው። ልጅቷ አድጋ አባቷን ስትጠይቅ አንድ የማታውቀውን ፈረሰኛ አምጥተው ይሰጧታል። የሚገርመው ደግሞ፣ ከጎኗ ያለችው ሴትዮ አለኸኝ የሰፋላትን ኮት ለብሳ ትንሾካሾካለች።

"ዘፈኑ ነው የጎዳው ይላሉ። ያ ሁሉ የሰው አገር ዘፈን ጆሮው ውስጥ ሲጮህበት ጭንቅላቱን ነካው።"

"ሆዱን ነው የታመመው" አለች የትምወርቅ፣ ፊቷን ሳታዞር።

ዘፈኑስ እውነት ነው። የኛ ቡድን ለውድድሩ ሳያልፍ ሲቀር ከተማው ሁሉ ያለቀሰው ልቅሶ ለአለኸኝ አልተዋጠለትም ነበር። "የሌለ ቡድን ይዤ ከምናደድ፣ ዘፈኑ የጣመኝን አገር እይዛለሁ" አለ አንድ ቀን። ሞባይል የሚጠግነው አሕመድኑር ከኢንተርኔት እያወረደ በየአገሩ ለይቶ በፍላሽ ይሞላለታል። አለኸኝ የማሊን እየሰማ ቁልፍ ይተክላል፣ የዛምቢያን እየሰማ ይዘመዝማል። የስፌት መኪናው እንኳ እንደ አገሩ ምት ሲፈጥን ሲዘገይ የትምወርቅ ጓዳ ሆና ትሰማው ነበር። አንዱን ካልወደደው "ይሄ አገር ይለፈኝ" ብሎ ይሰርዘዋል፤ ቢሳሳት ደግሞ ይቅርታ ጠይቆ መልሶ ያመጣዋል። በአንዱ ዋንጫ ኮሞሮስን መርጦ ኳስ ቤት ሲገባ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ኮሞሮስ የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። እሱ ሳቃቸውን ከቁም ነገር ሳይቆጥር ስለ ዘፈናቸው ሊያስረዳቸው ሞከረ።

በላይ ግን ከቁም ነገር ቆጠረው። "የገበያ መሳቂያ አደረግኸን!" ብሎ ሱቁ ደጃፍ ላይ ጮኸበት። ከዚያ ወዲህ እግሩ ሱቁን አልረገጠም፤ መንገድ ላይ ሲገናኙም ወደ ማዶ ይሻገር ነበር። አሁን ከሁሉ አብልጦ "ወንድሜ! ወንድሜ!" እያለ ደረቱን የሚደቃው እሱ ነው። የትምወርቅን ከፈረሱ ፋንድያ ይልቅ የቀፈፋት ይሄ ነው።

ጨዋታው አልቆ ኖሮ ወንዶቹ ተመለሱ። የአቀስታዎቹ እንግዶችም ደረሱ። በላይ ፈረሱን በልጓሙ እየሳበ መሀል አገባው፤ እማማ የሺእመቤት ተነስተው ድምፃቸውን አወጡ።

"ፈረሱ ቆዘመ ጌታው ሲጠፋበት፣
ማን ይጋልበዋል ሜዳው ሲሰፋበት።"

"ወየው! ወየው!" ብለው ሴቶቹ ተቀበሉ። ፍቅርአዲስም ከእነሱ ጋር "ወየው" አለች፣ ዓይኗን ከፈረሱ ሳትነቅል።

የትምወርቅ ብድግ አለች።

"ይብቃ! ፈረሰኛ የሞተበት ቤት ካለ እዚያ ሂዱ። እዚህ የሞተው ልብስ ሰፊ ነው።"

በላይ ፊቱ ጠቆረ። "አንቺ ሴት፣ በሰው ፊት አታዋርጂን።"

"አያ በላይ፣ እርስዎ በቁሙ አፍረውበታል። ሞቶ ደግሞ ሌላ ሰው አደረጉት። ኧረ አስጠላኝ! ሁላችሁም አስጠላችሁኝ!"

እማማ የሺእመቤት አልተቆጡም። ዕድሜያቸውን በልቅሶ ላይ የጨረሱ ሴት ናቸው። ቀረብ ብለው፣ "ታዲያ ምን ልበል፣ የኔ ልጅ? ንገሪኝ" አሏት።

ነገረቻቸው። መርፌውን፣ ፍላሹን፣ ማሊን፣ ዛምቢያን፣ ያቺን የተሳቀባትንም አገር ነገረቻቸው። ከኋላ አንዱ ሳቁ አመለጠው።

"ምን ያስቅሃል?" አለ አሕመድኑር ከወንዶቹ መሀል ተነስቶ። "ወላሂ እውነቷን ነው። ያን ሁሉ አገር የሞላሁለት እኔ ነኝ። እኔ ሳልሰማ የማልፈውን እሱ ደጋግሞ ይሰማው ነበር።"

እማማ የሺእመቤት ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ።

"መርፌው ቆሞ ቀረ ክሩን እንዳንጠለጠለ፣
የማሊን የዛምቢያን ሰሚው ስለሌለ።"

መጀመሪያ የተቀበለ የለም። ቀጥሎ ያቺው ባለኮቷ ሴትዮ፣ አፍራ ይሁን ደንግጣ፣ "ወየው" አለች። ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ። በላይ ፈረሱን ይዞ ወጣ።

ሰዉ ሲሳሳ ተመልሶ መጣ። ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ አላያትም። የትምወርቅ ከዚህ ሰው አንድም ቃል መስማት አልፈለገችም። ከጎኗ መቀመጡ ራሱ ጎፈነናት።

"ዘንድሮስ ማንን መርጦ ነበር?" አላት በዝግታ።

ልትመልስለት አላሰበችም። አፏ ግን ቀደማት።

"አልመረጠም። ደሴ ሐኪም ቤት ስንወስደው ሚኒባሱ ውስጥ እየሰማ ነበር። አንዷን ማዳመጫ ግራ ጆሮዬ ላይ ሰካልኝ። የማን አገር እንደሆነ አላውቅም፣ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። 'የሠርግ ነው' አለኝ። ይቺን አገር ልጨርስና እነግርሻለሁ አለኝ።"

"ከዚያስ?"

"እሱ ሲያርፍ ዘፈኑ አላለቀም ነበር።"

እጇን አንስታ ግራ ጆሮዋን በመዳፏ ከደነችው። እንባዋ በክንዷ ላይ ወረደ፤ መዳፏን ግን አላነሳችም።