የሷ አይደለም

ሴትዮዋ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ እንደገና ተቀመጠች። ዓይኗ ግን ሶፋው ላይ አልነበረም።

«ስፖንጁ ጠንካራ ነው፤ ቶሎ አይረግብም» አላት ሶፋ ሠሪው። የጨርቅ ናሙናዎቹን ከመደርደሪያው አውርዶ ጭኗ ላይ ዘረጋላት። «ልጆች ካሉሽ ይሄ ቡናማው ይሻልሻል። ቆሻሻ ይችላል።»

«አሉኝ» አለች። ናሙናውን በጣቷ እያገላበጠች ግድግዳውን አየች፣ የስፌት መኪናውን አየች፣ የሰውየውን እጅ አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባባ፣ አይቀየሙኝና… የተገኘው አስከሬን የሷ አይደለም የሚባለው እውነት ነው?»

ሶፋ ሠሪው ናሙናዎቹን ከጭኗ ላይ አንድ በአንድ ሰበሰበ። «ስለ ጨርቁ ካልወሰንሽ ሌላ ቀን መምጣት ትችያለሽ።»

«እኔ እኮ ከልቤ አዝኜ ነው። እናቷን ባየኋት ቁጥር አለቅሳለሁ።»

«የት አየሻት?»

«ስልክ ላይ ነዋ» አለች፣ የማይጠየቅ እንደ ጠየቃት ሁሉ። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። በሩ ላይ ዞር ብላ የሱቁን ማስታወቂያ በስልኳ ፎቶ አነሣች።

ከጥግ የሶፋ ልብስ የምትሰፋው ሴት እግሯን ከመኪናው ፔዳል ላይ ሳታነሣ፣ «ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ የመቀመጫ ብናስከፍል ሶፋ መሥራቱንም እንተወው ነበር» አለች። ከሱ ጋር ስትሠራ ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ሌላ ሰው ቢለው የሚያስቀይመውን እሷ ስትለው ይቀልለዋል። ሊስቅ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ግን ምስማር መምቻውን አነሣ።

ሚጡ የቤት ስም ነበር። የሶፋ ሠሪው ልጅ ጥርስ ሳታበቅል እናቷ ያወጣችላት፣ ትልቅ ሴት ሆና ጉዞ ወኪል ቢሮ ትኬት መቁረጥ ከጀመረች በኋላ እንኳ ሰው ፊት ስትጠራበት የምታፍርበት ስም። ከሥራ ወጥታ ቤት ሳትገባ በቀረች በማግስቱ እናቷ ፎቶዋን ስልክ ላይ ለጠፈችና ከሥሩ «ሚጡዬ የት ነሽ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ አገሩ ሁሉ ሚጡ አላት። አይቷት የማያውቅ ሰው «ሚጡ እንዲህ ዓይነት ጫማ አታደርግም» እያለ እሱም ካላያት ሌላ ሰው ጋር ይከራከራል፤ አዝሎ ያሳደጋት ይመስል።

መጀመሪያ ላይ ሶፋ ሠሪው አመስግኗቸው ነበር። ፎቶዋን በየግንቡ የለጠፉት፣ በየሆስፒታሉ የደወሉት እነዚሁ የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው። ፍለጋው ሲረዝም ግን ግምት ተተካ። ከወንድ ጋር ኮብልላለች አሉ። አሠሪዋ ደብቋታል አሉ። ቀድሞም ከቤት ተጣልታ ነበር አሉ። በመጨረሻ ፖሊስ የቢሮዋን ኮምፒውተሮች የሚጠግነውን ሰውዬ ያዘ። ሰውየው መግደሉን አመነ፤ መርቶም ከተዘጋው ዱቄት ፋብሪካ ጓሮ ወዳለው የውኃ ጉድጓድ ወሰዳቸው። ውኃ ውስጥ ብዙ ቆይታ ነበር።

አስከሬን ክፍል የገባው አባት ብቻውን ነው። ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ለቆመችው ሚስቱ «እሷ ናት» አላት። ሌላ አልጨመረም፤ እሷም ሌላ አልጠየቀችም። የዲ ኤን ኤ ምርመራውም ያንኑ አለ።

በዚህ ማብቃት ነበረበት። እናቷ ሁለት ቀን አልቅሳለች፤ የቀብሩንም ቀን ቆርጠው ነበር። ከዚያ «አጣሪው» መጣ።

አጣሪው የአንድ የኢንተርኔት ገጽ ስም ነው። ሰውየው ራሱ ቀን ቀን አምፖልና ማብሪያ ማጥፊያ የሚሸጥ ወጣት ነው። ገጹ ላይ የፖሊስን መግለጫ አውጥቶ ቁመቷ ተሳስቶ መጻፉን በቀይ ከበበ። የዲ ኤን ኤ ምርመራውን ማን አደረገው ሲል ጠየቀ። በመጨረሻም ሩቅ ከተማ ውስጥ አውቶቡስ ላይ የምትሳፈር ሴት ከጀርባዋ የሚያሳይ ቪዲዮ ለጠፈና «ሚጡ በሕይወት አለች?» ብሎ ጻፈበት። የጥያቄ ምልክቱን አልረሳም። እናት ያንን ጀርባ ስልኩ እጇ ላይ እስኪግል ድረስ አየችው። አካሄዷ ነው አለች። ትከሻዋ ነው አለች። በማግስቱ ልጄን ትቼ የሰው ልጅ አልቀብርም አለች።

የሆስፒታሉ ሠራተኛ ስልክ የደወለው ሴትዮዋ ከሱቅ ከወጣች ብዙም ሳይቆይ ነው። ትሑት ድምፅ ነበረው። «አባት፣ እንዳይቀየሙን። ቦታ ጠቦናል። አስከሬኑን መቼ ይወስዳሉ?»

«ዛሬ እነግርሃለሁ» አለውና የምሳ ሰዓት ሳይደርስ ወደ ቤት ሄደ።

በሩን ሲከፍት የሚያውቀው ግን ባለቤቱን በአካል አይቶት የማያውቀው ድምፅ ከሳሎን ተቀበለው። አጣሪው ራሱ ነበር፤ ሶፋ ሠሪው ለሠርጋቸው በእጁ የሠራው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቀጭን፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ እንቅልፍ ያጣ ፊት ያለው ልጅ ነው። ሲያየው ዘሎ ተነሣ። የሶፋ ሠሪው ሚስት ከልጁ አጠገብ ስልኳን ታቅፋለች። እህቷ፣ ሚጡ ከጠፋች ጀምሮ ከዚያ ቤት ያልወጣችው፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ለሶፋ ሠሪው፣ እኔ ምን ላድርግ፣ የሚል ትከሻ ሰበቀችለት።

«እማዬን ልጠይቃት ብዬ ነው» አለ ልጁ።

እማዬ። ሚጡ እንኳ እናቷን በስሟ ነበር የምትጠራት።

«ና እስኪ፣ ውጭ እንነጋገር» አለው።

ደረጃው ላይ ቆሙ። ሶፋ ሠሪው ካገኘው የሚለውን ብዙ ነገር አዘጋጅቶ ነበር፤ ብዙው ስድብ ነው። የልጁን የተፋቀ ጫማ ሲያይ ስድቡ ጠፋበት።

«አይተሃታል?» አለው።

«ማንን?»

«ልጄን። በሕይወት እያለች አይተሃት ታውቃለህ?»

«አላውቃትም። ግን አባቴ፣ ብዙ የማይገጣጠም ነገር አለ። እኔ ምንም አላልኩም፣ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቅኩት። ሌላው ቢቀር ቁመቷ…»

«ቁመቷን የጻፈው ፖሊስ ተሳስቷል። እኔ ገብቼ አይቻታለሁ።»

«ምን አዩ?» አለ ልጁ። ዓይኑ በራ። ክፋት አልነበረበትም፤ ይልቁንም ረሃብ ይመስል ነበር።

ሶፋ ሠሪው ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

«ይኸው፣ አይናገሩም። ካልተናገሩ ሰው እንዴት ይመን?»

«ለእናቷ ያልነገርኩትን ላንተ አልነግርህም» አለ። ከዚያ፣ በኋላ ባሰበው ቁጥር ፊቱን የሚያቃጥለውን ነገር አደረገ። የልጁን እጅ ያዘ። «ስማኝ፣ የኔ ልጅ። እኔን አታምነኝም፤ አንተን ግን ታምንሃለች። እህል አትበላም። ቁርጧን ካላወቀች ታብድብኛለች። አንድ ቃል ብቻ በላት። እኔም ተሳስቼ ይሆናል፣ አትጠብቂ፣ በላት። ሌላ ነገር አልጠይቅህም። እለምንሃለሁ።»

ልጁ መሬት መሬት አየ። «እሺ አባቴ» አለ በመጨረሻ። «አስብበታለሁ።»

«ተባረክ» አለው ሶፋ ሠሪው። ከልቡ ነበር። ሚስቱን እንዲያሳምንለት አምፖል ሻጭ መለመኑ ሲያንገሸግሸው፣ አንድ ሰው እሺ ስላለው ብቻ ደግሞ ደረቱ ቀለል አለው። ቤት ተመልሶ ሳይገባ ወደ ሱቁ ሄደ፤ ልጁ ቃሉን እስኪፈጽም ከሚስቱ ዓይን ዞር ማለት ፈልጎ ነው።

ከሰዓት በኋላ የአንድ ወንበር መደገፊያ ጨርቅ ወጥሮ ምስማር እየመታ ሳለ የስፌት መኪናው ድምፅ ተቋረጠ። ቀና ሲል ሰፊዋ ስልኳን ይዛ ታየዋለች።

«ምነው?»

«ጋሼ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ባይሰሙት ደስ ይለኝ ነበር» አለች። «ግን ከሌላ ሰው ከሚሰሙት…» ስልኩን አቀበለችው።

አጣሪው በቀጥታ ሥርጭት እየተናገረ ነበር። የቆመው እነሱ ደጃፍ ነው፤ ከኋላው የቤታቸው በር ይታያል። ድምፁ ለስላሳና ያዘነ ነበር። «ወገኖቼ፣ ዛሬ አባትየውን አግኝቼዋለሁ። ምን አየህ ስለው አልመለሰልኝም። እጄን ይዞ ዝም እንድል ለመነኝ። አዎ፣ ለመነኝ። እኔ በማንም ላይ አልፈርድም። ብቻ አንድ አባት ልጁ በሕይወት አለች ሲባል ለምን ዝም በል ይላል? እናንተው ራሳችሁን ጠይቁ።»

ከሥሩ አስተያየቱ ይንጋጋል። ያን ዕለት አባትየው የት ነበር? እኔ ቀድሞም ፊቱ አላማረኝም። ኮምፒውተር ጠጋኙ ተገዶ ነው ያመነው። ጭስ ካለ እሳት አለ። አንዱ ደግሞ «ሶፋ ሠሪ አይደል? ሶፋ ውስጥ ስንት ነገር ይደበቃል» ብሎ ከጎኑ የሚስቅ ፊት ለጥፏል። ብዙ ሰው ወዶለታል። ሶፋ ሠሪው ከሚያነበው መሐል አንድ ፎቶ አየ፤ የሱቁ ማስታወቂያ ነበር፣ ስልክ ቁጥሩ ሳይሸፈን።

ስልኩን መለሰላት።

«ጋሼ፣ ይክሰሱት» አለች ሰፊዋ። «ዓይኑን በጨው ታጥቦ እኮ ነው።»

«ማንን ከስሼ ማንን እተዋለሁ?» አለ። የቀረውን ጨርቅ ወጥሮ ጨረሰ፤ እንዲሁ ቢተወው ይረግባልና። ከዚያ ወደ ሆስፒታሉ ደወለ። «ነገ ጠዋት እወስዳታለሁ» አለ። ጃኬቱን ለብሶ ወጣ።

ሰፈሩ ሲደርስ ደጃፉ ላይ ሁለት ወጣቶች ቆመው ስልካቸውን ወደሱ አቀኑ። አንዱ «አባባ፣ አንድ ጥያቄ» አለ። በዘመድ ፊት እንደሚያልፍ ሰው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጣቸውና አልፏቸው ገባ።

ሚስቱ ሶፋው ጠርዝ ላይ ነበረች። ስልኳ ጭኗ ላይ በርቷል፤ ድምፁን አጥፍታዋለች። እህቷ ከማድ ቤት ብቅ ብላ አይታው ተመልሳ ገባች። ተቀመጠ።

«ያን ዕለት ማታ» አለች ሚስቱ፣ ስልኩን እያየች።

«እ?»

«ሱቅ ነበርክ፣ አይደል?»

ከመንገድ የወጣቶቹ ሳቅ ተሰማ። ሶፋ ሠሪው አንገቱን አዙሮ ሚስቱን አያት። ሽማግሌዎች ፊት ቆመው ከተጋቡ ጀምሮ ብዙ ተጣልተዋል፤ በገንዘብ፣ በዘመድ፣ ሚጡ ልትከራይ በፈለገችው ቤት። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ግን ጠይቃው አታውቅም።

«ሱቅ ነበርኩ» አለ። «መሸብኝና ደወልኩልሽ። ሚጡ ገባች ወይ ብዬ ጠየቅኩሽ።»

«አውቃለሁ» አለች ቶሎ ብላ። አፏን በመዳፏ ያዘች። «እኔ ራሴ ነኝ ስልኩን ያነሣሁት። አውቃለሁ እኮ። ለምን እንደጠየቅኩህ እንጃ። ከአፌ ወጣ።»

«ይሁን።»

«አይሁን። ምን ሆኜ ነው እኔ?» ስልኳን ሶፋው ላይ ጣለችውና መልሳ አነሣችው። «ደግሞስ ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው? እሷ ናት አልከኝና ዝም አልክ። እንዴት አወቅካት? ምኗን አይተህ? እነሱ ይነግሩኛል። ጫማዋን፣ ቁመቷን፣ ሁሉን ነገር ይነግሩኛል። አንተ ምን ነገርከኝ?»

«እንድታይው አልፈለግሁም። በኔ ይብቃ ብዬ ነው።»

«ይኸው አልበቃም።»

እህቷ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። «ተዋት በናትህ» አለችው። «አትንገራት። ይህን ሰምታ እንዴት ትኖራለች?»

ሶፋ ሠሪው ያን ቀን ከአስከሬን ክፍሉ ሲወጣ ለራሱ የማለው ነገር ነበር፤ ያየውን ይዞት መቃብር ሊወርድ። ለሚስቱ የሰጣት ደግነት ዝምታው ብቻ ነበር። ቤት ውስጥ ባዶ አድርጎ የተወው ቦታ ላይ ግን አምፖል ሻጩ ገብቶ ወንበር ስቦ ተቀምጧል።

«ነገ ጠዋት እንቀብራታለን» አላት ሚስቱን። «ብትመጪም ባትመጪም እቀብራታለሁ። ግን ማንን እንደምንቀብር ሳታውቂ እንድትቀሪ አልፈልግም። ከጀመርኩ አላቋርጥም። እስከ መጨረሻው ትሰሚኛለሽ?»

ሚስቱ ለረጅም ጊዜ አየችው። ፊቷ ላይ ያቺ ከጀርባዋ የምትታየው፣ አውቶቡስ ላይ የምትሳፈረው ሴት ገና አልጠፋችም ነበር።

«እሰማሃለሁ» አለች።

እህቷን ውጪልን አላት፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋ። ሚስቱ አጠገብ ሳይሆን ፊት ለፊቷ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ጉልበቷን ነካው። ስልኩን ከእጇ ወስዶ መሬት ላይ አኖረው። የሚጡን ፊት ለመጨረሻ ሊያቆየው ወሰነና ያየውን ሊነግራት ከእግሯ ጀመረ።