የሀይሚ ሠርግ እና የቀጥታ ሥርጭቱ

እኔ የራዲዮ ቴክኒሻን ነኝ እንጂ ጋዜጠኛ አይደለሁም። ይሄን አስቀድሜ ተናግሬ ልገላገለው፤ ከዚያች እሑድ ወዲህ ሮቤ ውስጥ የማላውቀው ሰው ሁሉ እያስቆመ «ያ በራዲዮ የተናገርከው አንተ ነህ አይደል?» ይለኛል። አዎ፣ እኔ ነኝ። ኪሩቤል እባላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ አንድም ቀን በማይክ ተናግሬ አላውቅም፣ ተናገር ያለኝም ሰው አልነበረም። ደስም ይለኝ ነበር።

እሑዱ የእህቴ የሀይሚ ሠርግ ነበር። በዚህ ዝናብ፣ በሐምሌ፣ ምን የሚሉት ሠርግ ነው እንዳትሉኝ። የሐዋርያት ጾም ከተፈታ ፍልሰታ እስኪገባ ያለችው ጊዜ አንድ ወር አትሞላም፤ ሙሽራው ዳቢሴ ደግሞ መስከረም ላይ ለትምህርት ይሄዳል። አባታችን ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ስለዚህ ሀይሚን ጎባ ካለው ከእናቴ ቤት እጇን ይዤ አውጥቼ ለሙሽራው የምሰጣት እኔ ነበርኩ። ሱፍ አሰፍቻለሁ፣ ፀጉሬን ተቆርጫለሁ፣ የምላትን ነገር ሁሉ በልቤ አዘጋጅቻለሁ። አንዲት እህት ነው ያለችኝ።

የጣቢያችን ሥራ አስኪያጅ አቶ ብዙነህ ግን ፈቃድ ከለከሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። አውሮፓ ውስጥ አንዲት ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ አለች አሉ። እኛ በዝናብ ስንደበደብ እነሱ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ በዚያ ወቅት ትልቅ የክላሲካል ሙዚቃ ፌስቲቫል ያዘጋጃሉ፤ ኦርኬስትራ ከየአገሩ እየመጣ ይጫወታል። ኮንሰርቱን በቀጥታ ለፈለገ ራዲዮ ሁሉ ይሰጣሉ። አቶ ብዙነህ የሆነ ስልጠና ሄደው ተዋወቋቸውና ተፈራርመው መጡ። አራት እሑድ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ስምንት። የመጀመሪያዋ እሑድ ደግሞ የሀይሚ ሠርግ ላይ ዋለች። ሌላኛው ቴክኒሻን ወንድሙን ሊያስታምም አንገቱ ወደምትባል ከተማ ሄዷል። ስምንት ሰዓት ሲል ውጣና ሂድ፣ ጎባ እንደሆነ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው አሉኝ። እናቴም ሙሽሮቹን እስከ ስምንት ተኩል አቆያቸዋለሁ ብላ ቃል ገባችልኝ። ምን አማራጭ አለኝ፣ የኮንትራት ሠራተኛ ነኝ። እሺ አልኩ። አቶ ብዙነህ የድምፅ መቆጣጠሪያው፣ ሚክሰሩ ላይ ወረቀት ለጥፈው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። «ከስድስት እስከ ስምንት በምንም ምክንያት እንዳይቋረጥ» ይላል። ሦስት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ፕሮግራሙን የምትከፍተው ኪያ ነበረች፣ ጋዜጠኛዋ። በኦሮምኛም በአማርኛም ለሕዝቡ ታስረዳለች ተብሎ ሳምንቱን ሙሉ ስታጠና፣ እኔንም ስታሰለች ከረመች። ቅዳሜ ቤተሰብ ልትጠይቅ አጋርፋ ወረደች። እሑድ አራት ሰዓት ላይ ደውላ አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሯል አለችኝ። «ካልደረስኩ ዝም ብለህ ክፈተው፣ ስደርስ አስረዳለሁ» ብላ ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ብደውል ብደውል የለችም።

ስድስት ሰዓት ሲል ማስታወቂያዬን ጨርሼ መስመሩን ከፈትኩት። መጀመሪያ የመጣው አንድ የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ አንዲት ድምፅ ይዞ ይጎትታታል። ቀጥሎ ሌሎቹ ሁሉ ያቺኑ ድምፅ ይዘው ይንጫጩ ጀመር። መሣሪያቸውን እየቃኙ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው፤ ያኔ መስመሩ ተበላሸ ብዬ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ። ኬብል ስነቅል ስሰካ ድምፁ በራሱ ጊዜ ቆመ። ተመስገን ብዬ ስወጣ ጭብጨባ። ምን ሠርተው ነው የሚጨበጨብላቸው? ከዚያ ጭብጨባውም ቆመና ጭር አለ። ለቴክኒሻን እንደዚህ የሚያስደነግጥ ነገር የለም። አየር ላይ ነን፣ ድምፅ የለም። ላብ አጠመቀኝ። ከዚያ አንድ ሰውዬ በማላውቀው ቋንቋ፣ ለቅሶ ቤት ወንበር አምጡ እንደሚል ሰው፣ በሹክሹክታ ትንሽ አወራና እሱም ዝም አለ።

ሙዚቃው ሲጀምር ደግሞ የሚሰማ አልነበረም። ድምፅ መጨመሪያውን ከፍ አደረግኩት። አሁንም የለም። እስከ ላይ ወሰድኩት። ይሄኔ ከበሮውና መለከቱ አንድ ላይ ሲፈነዳ ጆሮዬ ጭው አለ፣ ዘልዬ ባላወርደው ኖሮ ማሰራጫው ይቃጠል ነበር። ዝቅ ሳደርገው እነሱም ዝቅ አሉ። አሁንስ ቆሽቴ አረረ። ሰው እንዴት ሁለት ደቂቃ አንድ ዓይነት ድምፅ ይዞ መቆየት ያቅተዋል?

ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ስልኩ ጮኸ። የጎባው ሀጂ ወዚር ናቸው፤ ባለ ሱቅ፣ የአባቴ ወዳጅ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ማን ነው?» አሉኝ። የቱ ማን ብላቸው፣ አላህ ይዘንለት፣ አንተ ስሙን ብቻ ንገረኝ፣ ለማንም አላወራም አሉኝ። ሙዚቃ ነው ሀጂ፣ ኮንሰርት ነው አልኳቸው። አይ፣ ገባኝ፣ መናገር ተከልክላችሁ ነው ብለው ዘጉት።

እኔ ግን አልገባኝም ነበር። የገባኝ ጥበቃችን ኦቦ ጤቤ ባርኔጣቸውን አውልቀው በር ላይ ሲቆሙ ነው። የዝናብ ልብሳቸው ይንጠባጠባል። ወሬው ተቋርጦ ዘፋኝ የሌለው ሙዚቃ ብቻ ከመጣ ትልቅ ሰው ሞቷል ማለት ነው፣ ድሮም እንዲህ ነበር የሚያደርጉት፣ ስሙን የሚናገሩት በማግሥቱ ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ እኔም ልጅ ሆኜ አይቼዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ቫዮሊን ሲያለቅስ ይውልና ሰው ሁሉ ራዲዮኑን ከቦ ይቀመጥ ነበር። ግን ይሄ ኮንሰርት ነው ብዬ ስለያዝኩት ከዚያ ጋር አላገናኘሁትም።

ከዚያ በኋላ ስልኩ ፋታ አልሰጠኝም። አንዱ ግሮሰሪዬን ልዝጋ ወይ ይላል። አንዷ ነገ ቢሮ ይገባል ወይ ትላለች። ኮንሰርት ነው ስለው «ኮንሰርት ከሆነ ዘፋኙ የታለ?» ያለኝ ሰውዬ አለ። አንዱ ፌስቡክ ላይ ምንም የለም አለኝና ደስ ሲለኝ፣ ቀጠል አድርጎ «ስለዚህ እየደበቁት ነው» አለ።

እንግዲህ እግዜር ያሳያችሁ፣ ቀስ በቀስ እኔም መጠራጠር ጀመርኩ። በምን አውቄ ነው ማንም አልሞተም የምለው? ኪያ የለችም። የአቶ ብዙነህ ስልክ ዝግ ነው። ያ ሰውዬ ለምንድነው የሚያንሾካሹከው? ወረቀቱስ ለምን ሦስት ጊዜ ተሰመረበት? ምናልባት መስመሩ ተቀይሮ ይሆን? ሙዚቃውን ልብ ብዬ ሰማሁት። የደስታ ይሁን የሐዘን መለየት አቃተኝ። ደስ ያለው ይመስልና ይተክዛል፣ ሲተክዝ ቆይቶ ይፈነጥዛል። ያለቀ ሲመስል ጉንፋን የያዘው ሁሉ ይስልና እንደገና ይጀምራል። ኦቦ ጤቤ ከግድግዳው ተደግፈው ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ።

ሰባት ከሩብ ላይ ማሜ ደወለ። የአክስቴ ልጅ ነው፣ ሚኒባስ ይነዳል፣ የሙሽሪትን ዘመዶች ሲያመላልስ የዋለው እሱ ነው። እንደነገረኝ ጎባ ከሌሊት ጀምሮ መብራት የለም፣ ቲቪ የለም፣ ኢንተርኔቱም ከዝናቡ ጋር ሄዷል። አንድ ሰው መኪና ውስጥ የእኛን ራዲዮ ሰማና ድንኳን ገብቶ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ኪቦርድ ተጫዋቹን አስቆሙት። የሟቹ ስም ሲነገር እንዳያመልጣቸው ደግሞ ራዲዮኑን በጀነሬተሩ ከትልቁ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኙት። የእኔ ኦርኬስትራ በእህቴ ድንኳን ውስጥ እየተጫወተ ነው። መቶ ሃያ ሰው ሳህኑን ይዞ ስም ይጠብቃል። እናቴ አገር ሐዘን ላይ እያለ እልል ብንል ሰው ምን ይለናል ብላ ዘፈኑንም እልልታውንም ከልክላለች። የሙሽራው ወገኖች መንገድ ሳይዘጋ እንውጣ ብለዋል።

«ማንም አልሞተም በላቸው» አልኩት።

«ማን ነገረህ?»

«ኪያ። ከሳምንት በፊት።»

«ከሳምንት በፊት ዛሬ የሚሞተውን ታውቅ ነበር?»

ማሜ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሀይሚ አሁኑኑ ልትወጣ ነው፣ አጎትህ እጇን ይይዛል፣ አትጠብቅ አለኝ። እህቴ ዘፈን ሳይዘፈንላት፣ ወንድሟ ሳይኖር፣ እንደ አስከሬን በዝምታ ከቤቷ ልትወጣ ነው። ያውም በእኔ እጅ፣ እኔ በማስተላልፈው ነገር። ወረቀቱን አየሁት። እንጀራዬ ናት። ብቆርጠው ሰኞ ሥራ የለኝም። እሱንም እያሰብኩ ሙዚቃው ያልቅ እንደሆነ ብዬ ጠበቅኩ፤ እያነሰ፣ እየቀጠነ ሄደ፣ ቫዮሊኖቹ ብቻ ቀሩ፤ አሁን አለቀ ስል አላለቀም። ሰለቸኝ። ይበቃል አልኩና ቆረጥኩት።

ማይኩን ከፈትኩ። ከዚያ የመጣልኝን ተናገርኩ።

«ጤና ይስጥልኝ። ማንም አልሞተም። ሙዚቃ ነው፣ ከውጭ አገር ነው። ጎባ ያላችሁ፣ እባካችሁ ዝፈኑ።»

የሠርግ ዘፈኖች ከኪያ ማኅደር ደርድሬ ከፈትኩና ተነሳሁ። ኦቦ ጤቤን እዚህ ይቀመጡ፣ ምንም ነገር እንዳይነኩ ብያቸው ሱፌን እየለበስኩ ሮጥኩ። ስልኩ ከኋላዬ ይጮሃል። በኋላ እንደሰማሁት፣ ራዲዮ ማንም አልሞተም ብሎ ከተናገረማ በእርግጥ የሞተ ሰው አለ ብሎ ግማሹ ሮቤ ሱቁን ዘግቷል።

ጣቢያችን ወደ ጎባ መውጫው ላይ ነው። ባጃጅ ስፈልግ ሩብ ሰዓት ፈጀሁ፣ አጣሁ። ዝናቡ ሱፉን ትከሻዬ ላይ አጣበቀው። በእግሬ ጥቂት እንደሄድኩ የሙሽሮቹ መኪኖች፣ ወደ ሙሽራው ቤት ሲሄዱ፣ ከፊቴ መጡ። ክላክስ የለም፣ ጭፈራ የለም፤ ሽማግሌዎቹ እስኪጣራ ብለው ይሆናል። ቀድማ የምትመጣዋ የማሜ ሚኒባስ ናት፤ ማሜ አየኝና ቆመ። ከኋላ ያለችው የሙሽራዋ መኪናም ቆመች።

ሀይሚ መስኮቷን አወረደች። ራዲዮኑ ውስጥ የእኔ የሠርግ ዘፈን ይዘፍናል። እጄን አስገብቼ እጇን ያዝኩት። ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ ጠፋብኝ። ይቅር በይኝ፣ ገና ያኔውኑ መቁረጥ ነበረብኝ አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «የእማዬን ጉልበት ስስም ማንም አያወራም ነበር» አለችኝ። «አንተ የለህም ብዬ ልቤ ፈርቶ ነበር። ያ ሙዚቃ እያነሰ እያነሰ ሲመጣ እኔም ቀስ ብዬ ከእሱ ጋር ተራመድኩ። መቶ ሰው ቆሞ ያየኛል፣ ትንፋሽ እንኳ አይሰማም። አባዬ ያለ መሰለኝ ኪሩ። በሩ ጋ ስደርስ ቆረጥከው። አንተ ስትናገር ሰው ሁሉ ሳቀ።»

ዝናቡ በመስኮቱ እየገባ ቬሏን ያረጥበዋል፣ እሷ ግን አልዘጋችውም።

«መጨረሻው እንዴት ነበር?» አለችኝ።

ሰዓቴን አየሁ። ለስምንት ሦስት ደቂቃ ይቀረዋል። ኮንሰርቱ እዚያ አላለቀም ማለት ነው። በግራ እጄ ስልኬን አውጥቼ ጣቢያ ደወልኩ፣ ቀኙ እሷ እጅ ውስጥ ነው። ኦቦ ጤቤ አነሱት። ዘፈኑን ዝቅ ያድርጉና ሚክሰሩ ላይ ከግራ ሦስተኛዋን ወደ ላይ ይግፏት አልኳቸው። አትንኩ ብለኸኛል አሉ። ይንኩ ኦቦ፣ በእናትዎ ይንኩ አልኳቸው። የመጀመሪያዋን ገፉ፣ ዘፈኑ ጮኸ። ሁለተኛዋን ገፉ፣ ምንም የለም። መኪናው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ራዲዮኑን ያያል። ዳቢሴ ራሱ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ጨመረው።

ሦስተኛዋን ሲገፉ ጭብጨባ መጣ። ጭብጨባ ብቻ። ሐይቅ ዳር ያለ ሕዝብ፣ ስንት ሺ እንደሆነ እንጃ፣ ተነስቶ ያጨበጭባል፣ ይጮሃል። ሙዚቃው አልቋል።

«አለፈን» አለች ሀይሚ።

«አለፈን እህቴ» አልኳት።

ጭብጨባው ቶሎ አላቆመም። ሀይሚ ራሷን መቀመጫው ላይ ደግፋ ሰማችው፤ እንባዋ ይወርዳል፣ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም። ከዚያ ዳቢሴ ቀስ ብሎ «ሃ ዴምኑ፣ እንሂድ» አለው ሹፌሩን፤ ለእኔም አንገቱን ዝቅ አደረገልኝ። መኪናዋ ስትነሳ ጥቂት አብሬ ተራመድኩና እጇን ለቀቅኩት።