ከአገልግሉ ወዲህ

ናዲያ አማርኛ ልታጠና ከሌኒንግራድ ባሕር ዳር በመጣችበት ሳምንት ዕረፍት አላገኘችም። ጧት ከመምህሯ ከጓድ አለበል ጋር ግስ ስታረባ ታረፍዳለች፤ ማታ ሚስቱ ፀሐይወርቅ በጉርሻ ታስጨንቃታለች። "በቃኝ" ስትል "በሞቴ" ይከተላል። በሞቴ ከተባለ ወዲያ እንቢ ማለት ነውር መሆኑን የተማረችው ከመጽሐፍ አይደለም።

እሑድ ዶሮ ወጥ በአገልግል ተይዞ፣ በጀልባ ወደ ክብራን ገብርኤል ተሄደ። የገዳሙን ሥዕል ለማየት ናዲያ ሳምንቱን ሙሉ ስትጓጓ ነው የከረመችው። ዳር ሲደርሱ አለበል፣

"ለካ አልነገርሁሽም፤ እዚህ ሴት አይገባም" አላትና ከባለጀልባው ጋር ዳገቱን ወጣ።

ናዲያ አኮረፈች። ፀሐይወርቅ ግን ጥላ ፈልጋ አገልግሉን ፈታችና "ነይ እስቲ፣ በሞቴ" አለቻት። አንዱ ጉርሻ ሌላውን እየጠራ፣ ኩርፊያውም እንቁላሉም አብረው አለቁ። የቀረው አጥንት ብቻ ነበር።

ወንዶቹ ርቧቸው ተመለሱ። አለበል ገና ሳይቀመጥ እጁን ወደ አገልግሉ ሲሰድ፣ ናዲያ ክዳኑን በመዳፏ ተጫነችው።

"ለካ አልነገርሁዎትም፣ ጓድ አለበል" አለችው፤ "እዚህ ወንድ አይገባም።"