የላይል ሳህን

"ቦትህን አውልቅ እንጂ" አለችው ዋንዳ፣ የባሏን የላይልን ታላቅ ወንድም በርተንን በሩ ላይ ስታየው። አላወለቀም። ቢጫ የዝናብ ልብሱ ላይ የደረቀው ጨው ነጭ ነጭ ብሎ ይታያል። ጀልባውን ወደቡ ላይ አስሮ የመጣው ብቻውን ነው።

ዕለቱ ሎብስተር የሚባለው ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ የሚጠመድበት ወቅት መክፈቻ ነው። በርተን ካፒቴን፣ ላይል ወጥመድ ጣይ ሆነው ገና ሳይነጋ ወጡ፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ላይል ባሕር ውስጥ መውደቁ በሬዲዮ ተሰማ። አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ሊፈልገው የወጣው ሄሊኮፕተር አሁንም ይዞራል። ድምፁ በቀረበ ቁጥር ዋንዳ ወጥ ቤት የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ዝም ይላሉ፤ ሲርቅ ደግሞ ስለ ላይል ያወራሉ። ላይል ግትር ነው። ላይል ሲዘፍን ያስቃል። ላይል የመኪናውን ቁልፍ የትም ይጥላል።

በዚህ ወደብ ባሕር የወሰደውን ሰው በሕይወት እንዳለ ያወሩለታል እንጂ "ነበር" የሚለው የለም። ቃሉ ከአፉ የሚያመልጠው ቢኖር ዓይን ሁሉ ያፈጥበታል። የላይልና የበርተን እናት ወይዘሮ ቨርና ደግሞ፣ ባላቸው ሮስ ባሕር ላይ ከቀረ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖት፣ ዛሬም "ሮስ ቀይ ሥር አይወድም" ይላሉ፤ ለራት ሳህኑን ያስቀምጡለታል። ዋንዳና ላይል በጓዳ ስንቴ ስቀውባቸዋል! "አባዬ ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት ቀይ ሥር እንደጠላ ነው" ይላል ላይል።

"ተቀመጥና ንገረን፣ ልጄ" አሉ ቨርና።

በርተን እንደ ወደቡ ወንዶች ሁሉ ያለፈውን ነገር አሁን እንደሚሆን አድርጎ ነው የሚያወራው። ከሃያ ዓመት በፊት የተነሣ ማዕበል እንኳ በእሱ አፍ ዛሬ ይነሣል።

"ሦስተኛውን የወጥመድ ገመድ እየጣልን ነው" ብሎ ጀመረ። "እኔ መሪው ላይ ነኝ። ላይል ከኋላ ሆኖ 'ቀስ በል እንጂ፣ አንተ ሽማግሌ!' እያለ ይሰድበኛል። እስቃለሁ። ወጥመዱን ያነሣል፣ ይገፋዋል፣ ሌላ ያነሣል..."

ዋንዳ ደስ አላት። ላይል እያነሣ ነው፤ እየገፋ ነው፤ እየተሳደበ ነው። ወሬው እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን አለበት!



"እሺ፣ ከዚያስ?" አሉ ቨርና።

በርተን ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። መዳፉን ገመድ ልጦታል።

"ገመዱ እግሩን ያዘው" አለ። እንደ ልማዱ "ይይዘዋል" አላለም። "ወጥመዶቹ ይዘውት ወረዱ። ጎተትኩ። እማ፣ በአምላክ፣ ጎተትኩ! ተበጠሰብኝ።"

አንዷ ጎረቤት ፊቷን አዞረች። ዋንዳ የተላጠውን እጅ እያየች፣ ቀኑን ሙሉ ስትሸሸው የዋለችው ነገር ገባት። ሄሊኮፕተሩ የሚፈልገው ሰው ከውኃው በላይ አይደለም።

"ያገኙታል!" አሉ ቨርና ቆጣ ብለው። "ላይል ዋና ይችላል። ይልቅ ሾርባው እንዳይቀዘቅዝበት ምድጃ ውስጥ አስገቢለት፣ ዋንዳ።"

ዋንዳ የላይልን ሳህን አነሣች። የዓሣ ሾርባ ነው፤ ጠርዙ ላይ ቅቤ የተቀባ ዳቦ አለ። የምድጃውን በር ከፈተች። ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ ፀጉሯ ሸብቶም እዚያው ሳህን ይዛ ስትቆም ታያት። ፈራች። ጠዋት ሬዲዮውን ስትሰማ ከፈራችው በላይ ፈራች። ከኋላዋ በርተን ቦቱን እንዳጠለቀ ተቀምጧል፤ ከንጋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም።

ምድጃውን ዘጋችና ሳህኑን በርተን ፊት አስቀመጠች።

"የላይል ነው እኮ!" ብለው ጮኹ ቨርና።

"የላይል ነበር፣ እማማ" አለች ዋንዳ፤ ማንኪያውን በተላጠው እጁ አስያዘችው። "ብላ፣ በርተን።"