በደቡቡ ማማ ላይ የታየው ቁጥር

ዌይድ ሃስኬትን ወንዙ የወሰደው በሰኔው ጎርፍ ነው። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ግን ሬዲዮው ወጥ ቤቴ ውስጥ ብቅ አለ። ሬዲዮው ራሱ ሳይሆን ቁጥሩ። ምሳ የበላሁበትን ሳህን እያደረቅሁ ወደ ኮምፒዩተሬ ዞር ስል፣ ከሌሎቹ ቁጥሮች መሃል አንድ መስመር ተጽፎ አየሁ፦ ሠላሳ አራት፣ ሃስኬት፣ አለሁ። ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ሳህኑን የት እንዳስቀመጥኩት እስካሁን አላውቅም።

ሎይስ ትሬንት እባላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ ወጣሁ፤ አሁን ሥራዬ ማዳመጥ ነው። ስካነር በሚባለው ማዳመጫ የእሳት አደጋውን፣ የአምቡላንሱን፣ የሸሪፉን ንግግር ስሰማ እውላለሁ። እኛ ዘንድ ይሄ ነውር የለውም። ሳይረን በጮኸ ቁጥር የመንደሩ ሰው ስልክ አንስቶ የሚደውለው ለኔ ነው፤ ስልኩን ሲዘጋ ደግሞ ወሬኛ ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ወሬኛ ነኝ። ግን ያላጣራሁትን አላወራም።

ድሮ ነገሩ ቀላል ነበር። እሳት አደጋው የራሱ መስመር አለው፣ ሸሪፉም የራሱ፤ የፈለግሽውን ከፍተሽ ቁጭ ነው። አሁን ሁሉም ጥቂት መስመሮችን በጋራ ነው የሚጠቀሙት። ማን በየትኛው መስመር እንደሚያወራ የሚደለድል አንድ ሌላ መስመር አለ፤ ሰው አይናገርበትም፣ ዳታ ብቻ ሲፈጭበት ይውላል። የታክሲ ተራ አስከባሪ በሉት፤ አንተ እዚህ ግባ፣ አንቺ እዚያ፣ የጨረሰ ቦታውን ይልቀቅ። ደግሞ እያንዳንዱ ሬዲዮ ገና ሲበራ፣ ማንም ሳይናገርበት፣ በቅርቡ ላለው ማማ መለያ ቁጥሩን ይልካል። አለሁ ማለቱ ነው። ለጆሮ የወፍጮ ጩኸት ነው፤ ኮምፒዩተሬ ግን ጩኸቱን ወደ ቁጥርና ስም ይመልስልኛል። አውራጃችን ሁለት ማማ አለው። የሰሜኑ ከተራራው ጀርባ ስለሆነ እኔ ቤት አይደርስም፤ የምይዘው የደቡቡን ብቻ ነው። ይቺን ልብ በሉልኝ፤ እኔ በጊዜው ልብ ሳልላት ቀርቻለሁ።

ዌይድ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊ ነበር። በጎርፉ ቀን ሰሜን ካለው ከኮትረል ድልድይ ሥር መኪና ውስጥ የተያዘች ሴት አውጥቶ ለጓደኞቹ ካቀበለ በኋላ እግሩ ከዳው። ውሃው ጭቃ ስለነበር ከዚያ በኋላ ያየው የለም። የአውራጃው ቴክኒሻን የዌይድን ቁጥር ፈልጎ፣ ሬዲዮው በዚያ ቀን ከሰሜኑ ማማ ክልል አልወጣም አለ። እንግዲያው እዚያው ድልድዩ አጠገብ ሰጥሟል ማለት ነው ተባለና፣ ጠላቂዎች ከድልድዩ አንሥቶ ወንዙ መሃል እስካለችው ትንሽ ደሴት ድረስ ያለውን ውሃ ክረምቱን በሙሉ ዳሰሱት። ምንም አልተገኘም።

እና ያ ቁጥር በየቀኑ ከምሳ በኋላ መምጣት ጀመረ። ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ቀንማ ላለማየት ብዬ ኮምፒዩተሩ ላይ የወጥ ቤት ፎጣ ጣል አደረግሁበት። በዚህ ዕድሜዬ መንፈስ ፈርቼ ፎጣ አለበስኩት ብል ማን ያምነኛል? ግን ፈርቼ ነበር። ፎጣው ሥር ሆኖም አለሁ እንደሚል አውቀዋለሁ።

የዌይድ ሚስት ኮሪን ጎረቤቴ ናት። አንድ ቀን ቀትር ላይ መጥታ ሳታንኳኳ ገባች።

«ሚስ ሎይስ፣ ቅዳሜ ሊጠሩት ነው» አለችኝ።

የመጨረሻውን ጥሪ ማለቷ ነው። እሳት አጥፊ ሲሞት ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ቆሞ፣ ከመገናኛ ክፍሉ በሬዲዮ በቁጥሩ ይጠሩታል። ዝም። እንደገና ይጠሩታል። ዝም። ሦስተኛው ላይ አገልግሎቱን ፈጽሟል ይባልና ሰው ባርኔጣውን ያወልቃል። ከዚያ በኋላ ፍለጋ የለም።

«ቁጭ በይ፣ ባቄላና የበቆሎ ዳቦ አለ።»

«አልበላም። የእሳት አደጋው አለቃ ሃርጊስ ጠላቂዎቹ ደከሙ አለኝ። እኔስ አልደከመኝም? በባዶ ሳጥን ፊት አቁመው ሊጠሩት ነው። ይነሣልኝ አላልኩም እኮ፣ ሚስ ሎይስ። ልቅበረው ነው ያልኩት። እሱ በዛብኝ?»

«አልበዛብሽም፣ ልጄ።»

ባቄላውን ልጨልፍላት ተነሣሁ። ስመለስ ፎጣውን ከኮምፒዩተሩ ላይ አንስታ አፍጥጣለች። ምን ደብቃ ነው ብላ ይሆናል፤ እሷም ወሬ አትጠላም። ሰዓቱ ደግሞ ያው ሰዓት ነበር።

«ሃስኬት ይላል» አለች ቀስ ብላ። «አለሁ ይላል።»

«ኮሪን…»

«እሱ ነው?»

«ሬዲዮው ነው።»

«ሬዲዮው ከሱ ጋር ነው።»

ፊቷ ላይ ያየሁት ተስፋ ነበር፤ ከዚያ የሚያስፈራ ነገር አላየሁም። እጇን ያዝኩና፣ ደግ ቃል እየፈለግሁ ሳለ ክፉው ቀደመኝ።

«ስሚኝ። የዚያ ሬዲዮ ባትሪ ከሰኔ እስከ አሁን አይቆይም። የሞተ ሰው ቻርጀር አይሰካም። አንድ በሕይወት ያለ ሰው ነው የሚያበራው።»

እጇን ነጠቀችኝ። ተስፋው ሄዶ በቦታው ንዴት መጣ፤ ንዴቱ ይሻላል፣ ንዴት ሰውን በእግሩ ያቆመዋል።

«ማነው እሱ? የት ሆኖ ነው?»

«በደቡቡ ማማ በኩል ነው። ወንዙ ከደሴቷ በታች ከሚታጠፍበት ወዲህ፣ ወንዙ ዳር ይሆናል።»

«ዌይድ ዓሣ የሚያጠምድበት ጀልባ ማውረጃ አለ» አለችና የመኪናዬን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አወረደችው።

ጀልባ ማውረጃው ላይ አንድ ፒካፕ ብቻ ቆሟል። ከሩቅ ነው ያወቅሁት፤ የዳረል ኪንሲ ነው። ዳረልና ዌይድ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አውቶቡሴ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ አብረው የተቀመጡ፣ አንዱ ሲቀጣ ሌላው የሚያለቅስ፣ አድገውም አንድ ቀን እሳት አደጋ የተመዘገቡ ልጆች ናቸው። ዳረል መሪው ላይ ተደግፎ ውሃውን ያያል። ሬዲዮው ፊቱ ተቀምጧል፤ በርቷል። ጎኑ ላይ በተለጠፈው ነጭ ፕላስተር «ሃስኬት» የሚል ተጽፏል።

«ዳረል፣ ውረድ» አልኩት። የአውቶቡስ ድምፄ ነው የወጣው።

ወረደ። ኮሪንን ሲያይ የመኪናውን በር ያዘ።

«ከየት አገኘኸው?» አለችው።

«አላገኘሁትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ጋ ነው።»

«ከዚያ ቀን?»

«ሳይረኑ ሲጮህ ሁላችንም ቻርጅ የሚደረግበት መደርደሪያ ላይ ተረባረብን። አረንጓዴ መብራት ያለውን መንጠቅ ነው፣ ስም የሚያነብ ማን አለ? ሁሌም እንደዚያ ነው የምናደርገው። እኔ የሱን አነሳሁ፣ እሱ የኔን።» ወደ ወንዙ ዞረ። «እኔ ድልድዩ ላይ ትልቁ የእሳት አደጋ መኪና ውስጥ ነበርኩ። ፔግ ከመገናኛ ክፍሉ በኔ ቁጥር ጠራችኝ። ‹ሠላሳ አንድ፣ የአደጋ ቁልፍህ ተጭኗል፤ ደህና ነህ?› አለችኝ። ቁጭ ስል ተጭኜው ነው ብዬ የመኪናውን መነጋገሪያ አነሳሁና ‹ደህና ነኝ፣ ሰርዢው› አልኳት። እሷም ሰረዘችው።»

ወንዙ አንድ ግንድ ይዞ ያልፋል።

«ማታ ሬዲዮውን ከወገቤ ስፈታ ስሙን አነበብኩት። እሱ ነበር ኮሪን። እርዱኝ ያለው እሱ ነበር፤ እኔ ደህና ነኝ ብዬ መለስኩለት።»

ትመታዋለች ብዬ ነበር። አልመታችውም።

«ታዲያ አሁን ለምን ታበራዋለህ?» አለችው።

«እንጃ። አንድ ሰው በሱ ቁጥር ይጠራዋል እያልኩ። ማንም አይጠራውም።»

 ልቆጣው አፌን ስከፍት ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የአደጋ ቁልፍ ሲጫን ኮምፒዩተሬ ላይ ቀይ መስመር ይወጣል፤ ያቺን ቀይ መስመር እኔም አይቻታለሁ። በሰኔው ቀን፣ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ፣ ሠላሳ አንድ፣ ኪንሲ፣ አደጋ ብላ ብልጭ ያለችውን። የዳረልንም መልስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያ ወፍራም ደግሞ ላዩ ላይ ተቀመጠበት ብዬ ለብቻዬ ስቄያለሁ። ንግግሩን ሁለቱም ማማ ያስተላልፈዋል፤ ቀይዋ መስመር ግን ከሰሜኑ ማማ ብትመጣ ኖሮ እኔ ጋ አትታይም ነበር። የሰሜኑን አልይዝማ።

ማለትም ዌይድ ያን ቁልፍ ሲጫን ድልድዩ አጠገብ አልነበረም። ደሴቷንም አልፎ፣ መታጠፊያውን ዞሮ፣ ወደዚህ ወርዶ ነበር። ቴክኒሻኑ የተከተለው ዳረል የያዘውን ሬዲዮ ነው፤ እነሱ ሰሜን የዳሰሱት ዳረል የቆመበትን ቦታ ነው።

ይህን ለሚስቱ እንዴት ይነግሯታል? ዝም ብል አይገኝም። ብናገር ደግሞ ባሏ ውሃ ውስጥ ያን ያህል መንገድ በሕይወት እንደሄደ፣ ጠርቶም መልስ እንዳጣ፣ እስክትሞት ድረስ ታውቀዋለች። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ለአፍታ ዝም ልል ፈልጌ ነበር።

«ኮሪን፣ ድልድዩ ጋ አይደለም ያለው» አልኳት። «ቁልፉ የተጫነው በዚህኛው ማማ ሥር ነው። ከመታጠፊያው በታች።»

ገብቷታል። ግን ጠየቀችኝ።

«በሕይወት ሆኖ?»

«ቁልፉ ዝም ብሎ አይነካም። ተጭነሽ መቆየት አለብሽ። በሕይወት ሆኖ ነው፣ ልጄ።»

ፒካፑ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። ለባዶ ሳጥን ከምታለቅሰው የተለየ ነበር። ዳረል ሊጠጋት ፈልጎ ፈራና እዚያው እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆመ። ዕንባዋን ሳትጠርግ ቀና አለች።

«ሃርጊስ ጋ ደውል» አለችው። «እኛ አይደለንም የምንነግርልህ። አንተ ንገረው፣ ከመደርደሪያው ጀምረህ።»

ደወለ። ሲያወራ ምንም አልዘለለም።

ጀልባዎቹ በማግስቱ መጡ። ዌይድን ያገኙት ከመታጠፊያው በታች፣ ከአንድ የፈረሰ ግድብ አጠገብ፣ ጎርፉ የከመራቸው ዛፎች ሥር ነው። የዳረል ሬዲዮ ደረቱ ላይ በማንገቻው ታስሮ ነበር። ከዚህ በላይ ሃርጊስ አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ቅዳሜ ሳጥኑ ባዶ አልነበረም። እሳት አጥፊዎቹ የክት ልብሳቸውን ለብሰው መቃብሩ ዳር ተሰልፈዋል። ሃርጊስ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ፔግን ሊያናግር ሲል ኮሪን እጁን ያዘችው።

«በየትኛው ቁጥር ነው የምትጠሩት?»

«በራሱ ነዋ። ሠላሳ አራት።»

«በሠላሳ አንድ ጥሩት።»

ሃርጊስ ደነገጠ። «ኮሪን፣ የዳረል ቁጥር እኮ ነው። በሕይወት ያለ ሰው በመጨረሻ ጥሪ አይጠራም። ሟርት ነው።»

«እሱ የጠራችሁ በዚያ ነው። የሚመልስለት ያጣውም በዚያ ነው።»

ሃርጊስ ወደ ዳረል ዞረ፤ ሁላችንም ዞርን። ዳረል እንደ ኖራ ነጥቷል። አንገቱን ነቀነቀ፣ እሺ ለማለት። ሃርጊስ ፈቀቅ ብሎ በስልክ ለፔግ ነገራት። በጎርፉ ቀን ተረኛዋ እሷ ነበረች፤ ያን ጥሪ የሰረዘችውም እሷው ናት።

ከዚያ ድምፅዋ በየሰዉ ወገብ ላይ ካለው ሬዲዮ ሁሉ በአንድ ላይ ወጣ።

«ሠላሳ አንድ፣ የአደጋ ቁልፍህ ተጭኗል፤ ደህና ነህ?»

የዳረል እጅ ወደ ወገቡ፣ ወደ ሬዲዮው ሄደ። ለቁጥሩ መመለስ ልማድ ሆኖበታል። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

«ሠላሳ አንድ፣ ደህና ነህ?»

እጁን አወረደው። ከንፈሩን ነክሷል፣ ዕንባው አገጩ ላይ ይወርዳል፣ ግን አልተናገረም። ያን ዝምታ ሰምቼ የምረሳው አይመስለኝም። በሰኔው ቀን መሰማት የነበረበት ያ ዝምታ ነበር።

«ሠላሳ አንድ» አለች ፔግ። «ዌይድ ሃስኬት። ሰምተንሃል።»

ሰዉ ባርኔጣውን አወለቀ። ኮሪን ሄዳ ዳረል አጠገብ ቆመች፤ ሳጥኑ እስኪወርድ ድረስ አላናገረችውም፣ ግን ከአጠገቡ አልሄደችም።